ዕዳ ሰብሳቢ በደጅ ሲቆም፤ የባለዕዳው መብትና የባለገንዘቡ ወሰን

ንግድ በእምነት የቆመ ሥራ ነው። ከአዳማ መጋዘን የወጣ የሽንኩርት ዘር፥ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት በመቂና በባቱ በኩል አልፎ አዳሚ ቱሉ ካለው ሱቅ ሲደርስ፥ ብዙ ጊዜ ዋጋው በእጅ አልተከፈለም። ባለሱቁ በዱቤ ይወስዳል፤ ገበሬውም ከባለሱቁ በዱቤ ይወስዳል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በመስኖ የለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ተሽጦ ነው። የሽንኩርት ዋጋ የወደቀ እንደሆነ ግን ገበሬው ለባለሱቁ፥ ባለሱቁም ለጅምላ ነጋዴው በቀኑ ለመክፈል ይቸገራል። ያን ጊዜ ዕዳ ሰብሳቢ ከደጅ ይቆማል።

ይህ ሰው በመጣ ጊዜ ብዙው ነጋዴ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይም ሱቁን ዘግቶ ይሸሸጋል፤ ወይም ጎረቤት እንዳይሰማበት ፈርቶ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይመረምር ይከፍላል። ሁለቱም ጉዳት ነው። የሚሸሽ ሰው ታማኝነቱን ያጣል፤ ሳይመረምር የሚከፍል ደግሞ ያልተበደረውን ይከፍላል፥ አንዳንድ ጊዜም አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ትክክለኛው መንገድ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ይኸውም ዕዳን ሳይክዱ፥ ሕግ ከሚያዘው በላይም ሳይሰጡ፥ በወረቀት መነጋገር ነው።

ስለ ጥንቱ ልማድ

በቀድሞ ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ድረስ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፥ አልፎ አልፎም በሰንሰለት ተያይዘው ይሄዱ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ይታይ እንደ ነበር የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። ልማዱ ቀርቶ ቃሉ ብቻ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው አነጋገር ተርፏል። በዚያ ሥርዓት ባለገንዘቡም ራሱ ታሳሪ ነበረ፤ ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ የራሱን ሥራ ትቶ ከባለዕዳው ጋር ይውል ነበርና።

ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ሕግ ባለዕዳውንም ባለገንዘቡንም ከዚህ እስራት ፈትቷቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕዳ አከፋፈል ይወስናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ክስና ስለ ፍርድ አፈጻጸም ያዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፥ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱንና መኖሪያውን ይጠብቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም፥ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል።

ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ የአዳሚ ቱሉ ባለሱቅ ከአዳማ ጅምላ ነጋዴ የ60,000 ብር ዘርና መድኃኒት በዱቤ ወሰደ እንበል። 20,000 ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀበለ፤ የቀረው 40,000 ብር ግን በቀኑ አልተከፈለም። ጅምላ ነጋዴው የካቲት 1 ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከለት። ጥቅምት 1 ቀን አንድ የማይታወቅ ሰው ከሱቁ ደርሶ «54,000 ብር አምጣ፤ አለዚያ ዕቃውን ጭኜ እሄዳለሁ» አለው። በውሉ ስለ ወለድም ሆነ ስለ መቀጫ የተጻፈ ነገር የለም። ባለሱቁ ምን ያድርግ?

አንደኛ፤ ማን እንደ ላከው መጠየቅ

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 መሠረት ዕዳ የሚከፈለው ለባለገንዘቡ ለራሱ፥ ወይም ባለገንዘቡ፥ ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ለፈቀደለት ሰው ነው። ሥልጣን ለሌለው ሰው የተከፈለ ገንዘብ ባለገንዘቡ ካላጸደቀው ወይም ለጥቅሙ ካልዋለ በቀር ዕዳውን አያወርድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የውክልና ወረቀት ነው። ቁጣ ሳያስፈልግ በትሕትና እንዲህ ማለት ይበቃል፤ «ወንድሜ፥ ዕዳው አለብኝ፤ አልክድም። ነገር ግን የላከዎት ሰው የሰጠዎትን ውክልና ያሳዩኝ።» እውነተኛ ወኪል በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ቢኖር ራሱ መቀየሙ ለባለሱቁ ማስጠንቀቂያ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሰውየው ወኪል ሳይሆን ዕዳውን ከባለገንዘቡ የገዛ ነው። ባለገንዘብ መብቱን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ሕግ ይፈቅድለታል። ሆኖም ባለዕዳው መተላለፉን ሳያውቅ ለቀድሞው ባለገንዘብ በቅን ልቡና ቢከፍል ከዕዳው ነጻ ይሆናል። በቀድሞው ባለገንዘብ ላይ ሊያነሣ ይችል የነበረውንም መከላከያ በአዲሱ ላይ ሊያነሣ ይችላል። መተላለፉን የሚያሳይ ጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የመክፈያውም ስፍራ ሊታወቅ ይገባል። በውሉ ሌላ ስፍራ ካልተወሰነ በቀር ገንዘቡ የሚከፈለው ውሉ በተደረገ ጊዜ ባለዕዳው ይኖርበት በነበረው ስፍራ ነው። እንግዲህ የአዳሚ ቱሉ ባለሱቅ «አዳማ ድረስ ይዘህ ና» ቢባል የመሄድ ግዴታ የለበትም።

ሁለተኛ፤ ሒሳቡን በዝርዝር መጠየቅ

«ይህን ያህል አለብህ» የሚል ቃል ሒሳብ አይደለም። ዋናው ገንዘብ፥ የተከፈለው፥ ወለዱና ወለዱ የታሰበበት ቀን ተለያይተው መጻፍ አለባቸው። በውል ወለድ ካልተወሰነ፥ ባለዕዳው በማስጠንቀቂያ ከተጠየቀ በኋላ በሕግ የሚታሰበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው።

በምሳሌው መሠረት ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። የቀረው ዋና ገንዘብ 40,000 ብር ነው። የዓመቱ ወለድ 3,600 ብር ይሆናል። ከየካቲት 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለው ጊዜ ጳጉሜን ሳይቆጠር ስምንት ወር ነው፤ የስምንት ወር ወለድ 2,400 ብር ነው። ጠቅላላው 42,400 ብር ይሆናል። ሰብሳቢው ከጠየቀው 54,000 ብር ላይ 11,600 ብሩ መሠረት የለውም። ለሰብሳቢው የሚከፈለው የድካም ዋጋ በእርሱና በላኪው መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ በውሉ እንደሚከፈል ካልተጻፈ በቀር በባለሱቁ ላይ አይጫንም።

በገንዘብ ብድር ረገድ የሚከተሉት ነጥቦች ይታወሱ። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መወሰን አለበት። ወለድ ተመልሶ ወለድ እንዲወልድ አስቀድሞ መዋዋል ክልክል ነው፤ በነጋዴዎች መካከል የሚያዝ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ግን በዚህ አይነካም። ባንኮችና ሌሎች የገንዘብ ተቋማት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይተዳደራሉ። የተቸገረን ሰው ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ከሕግ በላይ ወለድ የሚቀበል አራጣ አበዳሪም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተጠያቂ ነው።

ሦስተኛ፤ ደረሰኝ ሳይዙ አለመክፈል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። መመለሱም የሚረጋገጠው በዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ባለበት የተቆጠረ 5,000 ብር፥ ደረሰኝ ካልተሰጠበት፥ ክርክር በተነሣ ጊዜ እንዳልተከፈለ ሊሆን ይችላል።

የሚከፍል ሰው ደረሰኝ የመጠየቅ መብት አለው። ዕዳው ፈጽሞ ካለቀ ደግሞ የዕዳው ሰነድ እንዲመለስለት ወይም እንዲሠረዝለት ይጠይቃል። በደረሰኙ ላይ የገንዘቡ ልክ፥ ቀኑ፥ የተከፈለበት ምክንያት፥ የቀረው ሒሳብና የተቀባዩ ስም ከፊርማው ጋር ይጻፍ። በከፊል የሚከፈል ገንዘብ መጀመሪያ ለወጪ፥ ቀጥሎ ለወለድ፥ በመጨረሻ ለዋናው ገንዘብ እንደሚታሰብም አይዘንጋ። ከሁሉ የሚሻለው በባንክ በባለገንዘቡ በራሱ ስም ወዳለው ሒሳብ ማስገባት ነው፤ የባንኩ ወረቀት ምስክርነቱን አይለውጥምና።

አራተኛ፤ ሰብሳቢው ሊያደርግ የማይችለው

ዕዳ ሰብሳቢ ዳኛ አይደለም፤ የፍርድ ቤት አፈጻጸም ሹምም አይደለም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሱቅ ዕቃ መጫን፥ ሱቅ ማሸግ፥ ከመኖሪያ ቤት መግባት አይፈቀድለትም። በዛቻ ገንዘብ መቀበል፥ በሰው ፊት መሳደብና ስም ማጥፋት በወንጀል ያስጠይቃሉ። ዋስ ያልገባን ወንድም፥ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ «አንተ ክፈልለት» ብሎ ማስጨነቅም መብቱ አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው እንኳ ቢሆን፥ የዋስትናው ከፍተኛ ልክ በጽሑፍ ያልተወሰነ እንደሆነ ዋስትናው በቁጥር 1922 መሠረት ዋጋ የለውም። ፖሊስም የውል ዕዳ አስከፋይ አይደለም፤ ሥራው ወንጀል ሲፈጸም ነው።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ታላቅ ጉዳይ አለ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት፥ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ስለ መሸጥ በውል ተስማምቶ እንደሆነ፥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ከባንክ የመጣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። በደረሰ ቀን ከባንኩ ሄዶ ስለ አዲስ የመክፈያ ጊዜ መነጋገር ያስፈልጋል።

አምስተኛ፤ ስለ ቼክ

ብዙ ነጋዴ ዕዳ ሰብሳቢን ለማሰናበት ሲል ወደ ፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ቼክ ለባንክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ትናንት የውል ዕዳ ብቻ የነበረው ነገር፥ በአንድ ፊርማ የወንጀል ክስ ይሆናል። የሚከፍለው ገንዘብ በባንክ የሌለው ነጋዴ ቼክ ከመጻፍ ይልቅ የመክፈያ ጊዜ ስምምነት ይጻፍ።

ስድስተኛ፤ ነገሩ ከፍርድ ቤት ሲደርስ

መጥሪያ የደረሰው ባለዕዳ ሳይቀርብ ከቀረ ያለ እርሱ ይፈረድበታል፤ ስለዚህ መቅረብ ግድ ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለ ሆነ፥ በአማርኛ የተጻፈ ውልና ደረሰኝ ያለው ነጋዴ አስቀድሞ ያስተርጉም። ዳኛው የባለዕዳውን ሁኔታና ፍትሕን ተመልክቶ ከስድስት ወር የማይበልጥ የእፎይታ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1770 ተደንግጓል።

ከተፈረደም በኋላ ሁሉ ነገር አይወሰድም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በቁጥር 404 ባለዕዳው የሚሠራባቸውን የሙያ መሣሪያዎች፥ ለገበሬ መተዳደሪያው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር፥ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፥ እንዲሁም የጡረታ አበልን ከመያዝ ያድናል። በአንጻሩ እያለው የሚደብቅና ፍርድን የሚያስተጓጉል ባለዕዳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያዝ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ሕጉ የሚራራው ለተቸገረ ነው እንጂ ለሚያታልል አይደለም።

ከክስ በፊት ሽምግልና ይቅደም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሽማግሌዎች የሚያስታርቁበት የጃርሱማ ሥርዓት ከጥንት የነበረ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ባወጣው አዋጅም ባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ አቋም አግኝተዋል። በዚያው ዓመት የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ በፌዴራል መንግሥት ወጥቷል። በሽማግሌ ፊት የተደረሰ ስምምነትም ቢሆን በጽሑፍ ሆኖ ይፈረም።

ሰባተኛ፤ ስለ ይርጋ

በጠቅላላው የውል ዕዳ በአሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይሁንና ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ የሚጠቅመው ባለዕዳ ራሱ ካላነሣው ያልፍበታል። ከዚህም በላይ ባለዕዳው ዕዳውን ያመነ፥ ወለድ ወይም ጥቂት ገንዘብ የከፈለ እንደሆነ የይርጋው ዘመን ተቋርጦ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። እንግዲህ የአባቱን ዘመን ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው «እስቲ ለመሸኛ» ብሎ ጥቂት ብር መስጠት ዕዳ ከሜዳ መግዛት ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የወረቀቱን ቀን ማየት ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

እንግሊዞች ባለዕዳን የማሰርን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣ ሕግ በብዙው አስቀርተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ የተገባን ዕዳ የሚሰበስብ ወኪል ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት፥ ከምሽቱም 3 ሰዓት በኋላ ለባለዕዳው እንዳይደውል ይከለክላል። የዕዳውንም ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ባለዕዳው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቢቃወም ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ መሰብሰቡ ይቆማል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ደንብ፥ በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች ባለዕዳውን በአደባባይ እንዳያሳፍሩ አግዳለች። በኢትዮጵያም በስልክ የሚሰጥ ብድር እየተስፋፋ በመሄዱ፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ለነጋዴውም ለተበዳሪውም ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ለሰብሳቢ የሚሰጥ የመልስ ደብዳቤ

ከዚህ የሚከተለው አጭር ደብዳቤ ለብዙ ጉዳይ ይበቃል።

«ለአቶ … ። በ … ቀን ስለ ዕዳ ያቀረቡልኝን ጥያቄ ተቀብያለሁ። ውክልናዎን፥ የውሉን ግልባጭና ዋናውን ገንዘብ፥ የተከፈለውንና ወለዱን ለይቶ የሚያሳይ ሒሳብ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ሒሳቡ እንደ ተረጋገጠ በባለገንዘቡ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ በየወሩ … ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ። ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ይጻፉልኝ።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ሰብሳቢው በአንዱ ላይ መቀበሉን ይፈርምበት። ዕዳው አሥር ዓመት ያለፈው መሆኑ የሚያጠራጥር ከሆነ ግን፥ «ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ» የሚለው ቃል ዕዳን ማመን ስለሚሆን አይጻፍ።

ለባለገንዘቡ

ይህ ትምህርት ለባለዕዳው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ዛሬ ባለዕዳ የሆነ ባለሱቅ ለገበሬው ባለገንዘብ ነው፤ ዛሬ ባለገንዘብ የሆነ አስመጪም ለባንኩ ባለዕዳ ነው። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ የዱቤውን ልክና የመክፈያውን ቀን አስፈርሞ ይያዝ፤ ቀኑ ሲያልፍ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ ሰው ሲልክ ውክልና፥ የሒሳብ ዝርዝርና የደረሰኝ ጥራዝ አስይዞ ይላክ። ወኪሉ በእርሱ ስም ሆኖ ቢሳደብና ቢዘርፍ፥ ጣጣው ለላኪው ይተርፋል። በትክክል የሚገባው 42,400 ብር ሳለ በዛቻ 54,000 ብር የጠየቀ ሰው፥ ከተከሳሽ ወንበር ሊቀመጥ ይችላል።

የምሳሌውም ባለሱቅ እንዲህ ያድርግ። ሱቁን አይዝጋ፤ ለሰብሳቢው ወንበር ይስጠው፤ ውክልናውን አይቶ ሒሳቡን በወረቀት ያሳየው፤ 42,400 ብሩን በስንት ወር እንደሚከፍል ተስማምቶ ይፈርም፤ በየጊዜው የከፈለበትን ወረቀት በአንድ ፋይል ይያዝ። ሰውየው ዕቃ ለመጫን እጁን ቢዘረጋ ግን፥ አባቶች ይሉት እንደ ነበረው «በሕግ አምላክ!» ይበለው፤ ምስክር ይጥራ፤ ለፖሊስም ያመልክት። ዕዳውን በዚህ መንገድ የከፈለ ባለሱቅ ለሚቀጥለው ዘር ወደ አዳማ ሲሄድ ደረሰኞቹን ይዞ ይሄዳል፤ ጅምላ ነጋዴውም እንደ ገና በዱቤ ለመስጠት የሚተማመንበት ነገር ያገኛል።